አርባ አንደኛዋ ፍሬ

እህቴ ኮሌጅ ውስጥ የጸሐፊነት ሥራ ባገኘች ሰሞን ልጇ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የምናየው እንደ ዒድ ጨረቃ ነው። እናታችን በሕይወት የሉም፤ አባታችን ደግሞ ልጅ ሲያስተኙ ቀድመው የሚተኙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ልጅቷ አጋሮ ያሉት የአባቷ እናት ዘንድ ትሂድ፣ ወይም በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በርጩማ የምሠራው እኔ ልያዛት።

«ሁለት ሳምንት አይሃለሁ» አለች እህቴ። «አንድ ነገር ብትሆን ግን አጋሮ ናት። ወላሂ እልካታለሁ።»

እሺ አልኩ። ብዙ አላወራም። ከቤቱ ሰው ሁሉ «ምነው ዝም አልክ?» የማትለኝ ልጅቷ ብቻ ነበረች፤ ገና መናገር ስላልቻለች ይሆናል። ቢሆንም እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም።

ሥራውን በንባብ ጀመርኩ። የማነበው ስልኬ ላይ ነው፤ አናጺነቱንም የለመድኩት እንደዚያው ነው። ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ሕግ ይህ ነበር፦ በሶፍት ጥቅል መሀል ባለችው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ለሕፃን አይሰጥም፤ ሊያንቅ ይችላል። የቤታችን ሶፍት ገና አልተጋመሰም ነበር። ወረቀቱን ፈትቼ ከመርኩና ቱቦዋን ወሰድኩ። አባቴ ክምሩን ሲያዩ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

ቱቦዋን ይዤ ቤቱን ፈተሽኩ። የአሻንጉሊቷ ዓይን በጥፍሬ ስነካው ተነቀለና አለፈ። የመኪናዋ ጎማ አለፈ። የምትዘፍነው የፕላስቲክ ስልክ ደግሞ የባትሪ ክዳኗ ብሎን የለውም፤ ባትሪዋ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ ናት፤ ብትዋጥ ጉሮሮ ታቃጥላለች። እሷን ከቤት አስወጣኋት። የአባቴ የጸሎት መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸውም፣ ክሩ ሳስቷል፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ።

«አስተግፊሩላህ! ዚክርም ልትከለክል ነው?» አሉ አባቴ።

«ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ ነው ያልኩት።»

«ዚክር ራሱ ከፍ ያለ ነው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

በሦስተኛው ቀን ለልጅቷ የቀራት መጫወቻ የእኔ አውራ ጣት ነበር። እህቴ ዙሪያውን አየችና «ልጄን እስር ቤት አስገባሃት እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ መሥራት ጀመርኩ። ከነጠላ ካልሲ አሻንጉሊት ሠራሁ፤ ዓይኗን በክር ሰፋሁት። ከዋንዛ ቁራጭ መኪና ጠረብኩ፤ አራት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ቀለም ትቼ የምግብ ዘይት ቀባሁት። ጎማዎቹን እንዳይነቀሉ ከዚያው ከአንዱ እንጨት ነው የቀረጽኳቸው።

እህቴ መኪናውን ገፋ አደረገችው። «ይሄ አይሄድም።»

«አይነቀልምም» አልኩ።

ከሁሉ የኮራሁት ግን ሲነቀንቋት በምትንሿሿ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ውስጧ ጤፍ ጨመርኩ፤ ሹክሹክታ ሆነ። ምስር ሩቅ አገር የሚዘንብ ዝናብ ሆነ። በቆሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ እንደመወርወር ነው። ጥሬ ቡና ልክ መጣ። አርባ አንድ ፍሬ፤ በአርባ ድምፁ ይሳሳል፣ በአርባ ሁለት ይታፈናል። ክዳኑን በሙጫ አጣብቄ በጉጠት ጎትቼ ሞከርኩት። ጠርሙሷ በቱቦዋ አላለፈችም፤ ስለዚህ ፈተናውን አለፈች።

በዘጠነኛው ቀን አያትየዋ ከአጋሮ መጡ። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ በረንዳ ላይ ሲያወሩ ጎረቤት አብሮ ይመልሳል። «ኮቱ ኢንተላ ኮ! ነይ የኔ ልጅ!» ብለው ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ልጅቷ ጠርሙሷን ነቀነቀች። አያትየዋ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አንተ መሐንዲስ፣ ይሄ ቡና አልደረቀም።»

«ደርቋል እማማ።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የደረቀ ቡና ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ይሄ ጉንፋን ይዞታል።»

«እርስዎ የላኩልን እኮ ነው።»

«ስልከው ደረቅ ነበር!»

መኪናህ አይሄድም ስባል አልተቀየምኩም። ይሄ ግን አንገበገበኝ። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል፣ ለልጅ ጥሩ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እውነቱ ግን ተናድጄ ነው። በማግስቱ እህቴ ሥራ እንደሄደች ክዳኑን በመጋዝ ቆረጥኩና አርባ አንዱን ፍሬ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሰፌዱን ያስቀመጥኩት በርጩማ ላይ ነው። በርጩማዬ ከፍታው ከልጅቷ ደረት እንደማያልፍ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የለካሁት እኔ ነኝ።

አንድ እግር እስካለሰልስ ጀርባዬን ሰጠሁ። ከዚያ ቡናውን ልመልስ ስል ቆጠርኩ። አርባ። እንደገና ቆጠርኩ። አርባ። በርጩማው ሥር አየሁ፤ እጇን ዘረጋሁ፤ አፏን ከፈትኩ። የለም። ያኔ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና በግራ አፍንጫዋ አፏጨች።

«ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆነች?» ብለው አያትየዋ ከውስጥ ወጡ። በጥፍራቸው ሊያወጡት እጃቸውን ሲዘረጉ «አይንኩት! ወደ ውስጥ ይገባል!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም እኔም ደነገጥን፤ ድምፄን እንደዚያ ሰምተነው አናውቅም። ባጃጅ አስቁመን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ተረኛው ባለሙያ ወጣት ነው። «ምንድን ነው የገባው?»

«ቡና።»

«የታጠበ ነው ያልታጠበ?»

«ያልታጠበ» አልኩ። ሲስቅ ነው ቀልድ መሆኑ የገባኝ።

«የአጋሮ ነው» ብለው አያትየዋ ጨመሩ።

ባለሙያው አፍንጫዋን በባትሪ አየና ምን እንደማደርግ አሳየኝ። ቀኝ አፍንጫዋን ደፈንኩ፣ አፌን አፏ ላይ ገጠምኩ፣ አንዴ አጭር አድርጌ ነፋሁ። ፍሬዋ ተስፈንጥራ ጉንጬን መታችኝ። ልጅቷ አስነጠሰችና ድገመኝ በሚል አፏን ከፈተች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

አያትየዋ ፍሬዋን ከወለሉ አነሱ። በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ቢስሚላህ» ብለው በጥርሳቸው ነከሷት።

«አላልኩም? አልደረቀም።»

«እማማ፣ ከአፍንጫ እኮ ነው የወጣው!»

እህቴ ለምሳ ስትመጣ ሁሉንም በተራ ነገርኳት፤ የክዳኑን፣ የሰፌዱን፣ የበርጩማውን ከፍታ ጭምር። አንዱን ብዘል ያልለሰለሰ እንጨት እንደማስረከብ ነበር።

«ሁሉን ነገር በዚያች ቱቦ ለካህ» አለች ቀስ ብላ። «ቡናዋን ለክተሃታል?»

«ጠርሙሱን ነው የለካሁት።»

«ውስጡንስ?»

እህቴ ልጇን አቅፋ ጥግ ወዳለው የልጅቷ ሻንጣ አየች።

«ምን ሻንጣ ታያለሽ?» አሉ አያትየዋ። «የእኔ ግቢ ከአጥር እስከ አጥር ቡና የተሰጣበት ነው። ይሄ ዝምተኛ ከአርባ አንድ አንዷ ስትጎድል አወቀ። እኔ ዘንድ ማን ይቆጥራል? አፍንጫዋ ውስጥ ሲበቅል ነው የምናውቀው።»

እህቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ከእንግዲህ አንተ የምትሠራውን ውስጡን የምፈትሸው እኔ ነኝ» አለች። ቱቦዋን ከእጄ ወሰደች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ወጡ፤ እህቴ ወደ ሥራ፣ አያትየዋ ወደ አጋሮ። አርባ አንዱን ፍሬ ለማድረቅ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ከበሩ ሆነው ዞሩና «መሐንዲስ፣ ቆጥረህ ተረከብ!» አሉኝ።

ልጅቷን ከእህቴ ክንድ ተቀበልኩ።

«አንድ» አልኩ።