ከአማቴ ጋር ቤት የለየንበት ዓመት

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማሽላችን ሳያዘረዝር ማሳው ላይ ቆሞ ደረቀ። ባሌ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ገና ድክ ድክ የምትል ልጄና አማቴ ነበርን። የሚያኖረን ሸዋ ሮቢት እየወረድን የምንቀበለው የእርዳታ ስንዴ ነው። እሱም ወሩን አይዘልቅም፤ መጨረሻው ላይ ገንፎውን እያቀጠንን እንጠጣው ነበር።

በዚህ መሀል የመንግሥት እርሻው ለትምባሆ ለቀማ ሴቶች ይቀጥራል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። ልጄን ለአማቴ ትቼ በማለዳ እወጣለሁ። ቅጠሉን ለቅመን፣ በሲባጎ ሰክተን፣ ማድረቂያ ቤት እንሰቅለዋለን። ሙጫው እጅ ላይ ይጠቁርና በአመድ ቢያሹትም አይለቅም። የነካሁት ሁሉ ይመራል። ልጄ ጡቴን ይዛ ፊቷን ስታጨማድድ አየሁና ያን ሰሞን ጡት አስጣልኳት።

የመጀመሪያ ደሞዜን እንደተቀበልኩ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ቤታችን መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ ሕፃን ሳለ አማቴ አዝለውታል። በራፉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣

«ደሞዝ የሚገባበት ቤት ከእርዳታ ይውጣ ተብሏል» አለ።

«የኔ ደሞዝ ሦስት ሰው ያበላል?»

«እንደማያበላ አውቃለሁ፣ እህቴ። ከላይ የታዘዝነው ነው።»

አማቴ ከውስጥ ወጡ። «እኔስ? እኔ ትምባሆ ለቅሜያለሁ?»

«አንቱማ ከሷ ጋር አንድ ቤት ናችሁ፣ እማማ። ስንዴው የሚሰጠው በቤት ነው።»

«ብንለይስ?» አሉ አማቴ።

«ብትለዩማ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ሄደ።

እኔ ሥራውን ልተወው ብዬ ነበር። የከለከሉኝ አማቴ ናቸው። «ስንዴው ነገ መቅረቱን በምን ታውቂያለሽ? ደሞዝሽን ያዢ። እኔ ጓሮ እወጣለሁ» አሉኝ። ከደረቀው አገዳ ጎጆ ቢጤ አቆምንላቸው፤ የራሳቸውን ጉልቻም ተከሉ። ስንዴውን ለሚያድለው ኮሚቴ ማታለያ ነው እንጂ ሌላ አልመሰለኝም።

ኮሚቴው ፊት የቀረብን ቀን ግን አማቴ፣ ማንም ማሉ ሳይላቸው፣ «ሚካኤልን! ከእንግዲህ ከሷ መሶብ አልበላም!» አሉ። ሊቀመንበሩ ራሱ ደነገጠ። ስንዴውን ለብቻቸው ፈቀዱላቸው።

የዚያኑ ቀን በደሞዜ ከገዛሁት ማሽላ ቂጣ ጋግሬ ጓሮ ወሰድኩላቸው።

«መልሺው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማን ያየናል?»

«የማልኩበት ያየኛል።»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩም። እጃቸውን አልዘረጉም። በቃ፣ ውሸቱ እውነት ሆነ። ከእርሻው ስመለስ ለሁለት ምድጃ እንጨት እለቅማለሁ፤ ለሁለት ቤት ከሮቢ ወንዝ ውሃ እቀዳለሁ። ውሃና እንጨቱን መሶብ አይደለም ብለው ተቀበሉኝ። ወገቤ ከመቆረጡ የተነሳ አንዳንድ ቀን ቂጣ ጨብጬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ካላቸው ላይ ስንዴ ቆልተው ለልጄ ይሰጣሉ። ይህን አይቼ እናደድ ነበር፤ ለመናደድም ጉልበት ሲኖረኝ ነው።

ቅጠሉ ሲያልቅ እርሻው አሰናበተን። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ፣ «ደሞዙ ቀርቷል፤ ወደ እርዳታው መልሱኝ» አልኩት።

«ምዝገባው ተዘግቷል። እስኪከፈት ጠብቂ።»

«እስኪከፈት ምን ልብላ?»

ፊቱን ሳየው የሱም ቤት እንደኛው የተራበ መሆኑ ታወቀኝና መጨቃጨቁ ደከመኝ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አማቴ ጓሮ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። የሆነውን ስነግራቸው ተነስተው ስንዴውን ለሁለት ከፈሉና የኔን በቁና አቀበሉኝ።

«እንዴት አድርጌ እቀበላለሁ? የአንድ አሮጊት ምግብ እኮ ነው!»

«ካንቺ አልበላም ብዬ ማልኩ እንጂ አልሰጥሽም ብዬ ማልኩ? ያዢ!»

ተቀበልኩ። ምዝገባው ሳይከፈት ክረምቱ ገባ፤ በመሀሉ የበላነው እሱን ነው። እኔና ልጄ ቤት ውስጥ፣ እሳቸው ጎጆአቸው፤ በሁለቱ በራፎች መሀል እየተነጋገርን እንበላለን። ልጄ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ግን ተረፈች።

ዝናቡ ደህና ጣለ። ከሁሉ ቀድሞ ማሾው ደረሰ። የንስሐ አባታቸውን ለምኜ አመጣሁና ከመሐላው ፈቷቸው። ያን ቀን የማሾ ክክ ወጥ ሠርቼ አንድ መሶብ ቀረብን። በሉ፤ ልጄንም አጎረሷት። ሲጨርሱ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«ወዴት ነው፣ እትዬ? መደቡን አንጥፌልዎታለሁ እኮ።»

«ወደ ቤቴ።»

«አሁንማ ተፈታ፤ ማን ይጠይቀናል?»

«እሱ ነው ነገሩ። እዚያ ብቻዬን ስለሆንኩ ማንም ስንት ሰው ናችሁ አይለኝም» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ደክሟቸው ነበር። እኔም ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

አገዳው በዝናቡ መበስበስ ጀምሮ ስለነበር መስከረም ሲጠባ ግድግዳውን በጭቃ መረግሁ፤ ጣሪያውንም ሣር አለበስኩላቸው። ባሌ አልተመለሰም። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ እዚያው ጓሮ ኖሩ።