ብጉር ያስቀረኝ ጉዞ

ልጅ እያለሁ፣ ዲላ ውስጥ ብጉር የወጣበትን ሰው ለመምከር ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ስገባ ግንባሬ ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ ብቅ ያለው ብጉር፣ ቡና ተለቅሞ ከተማው ገለባ ገለባ ሲሸት ጉንጬንና አገጬን ወርሶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለኝ ሁሉ ዓይኔን ትቶ ብጉሬን ያያል። እናቴ ኦቾሎኒ ከለከለችኝ። አባቴ "ደም በዝቶባት ነው" ብሎ ደመደመ። ከቡሌ ቆጮ ይዛልን የምትመጣው አክስቴ ሬት ቆርጣ ፊቴን ለቀለቀችኝና ቀኑን ሙሉ ከንፈሬ እየመረረኝ ተማርኩ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ደግሞ በሰው ፊት "ተዪው፣ ስታገቢ ይጠፋል!" ብላ ስትስቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሎሚ አሸሁበት፣ አቃጠለኝ። የጥርስ ሳሙና ቀብቼ አደርኩ፣ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ ብጉሩ ንቅንቅ አላለም። መስታወት ፊት ቆሜ አፈርጠው ነበር፤ አንዱን ሳፈርጥ አጠገቡ ሌላ ይወጣል። በንዴት አለቅሳለሁ፣ ፊቴን በጨርቅ እፈትጋለሁ፣ ይብስብኛል።

በዚያው ሰሞን እኔም ያለሁበት የቤተክርስቲያናችን የታዳጊዎች መዘምራን ቡድን ፍስሐ ገነት ከተማ ለኮንፍረንስ ሊሄድ ሆነ። መሪያችን ጋሽ ታደሰ አንዱን መዝሙር ብቻዬን እንድዘምር መረጠኝ። ከደስታዬ ይልቅ ጭንቀቴ በለጠ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ይህን ፊት ሊያየው ነው! ጭንቀቴን ያየችው ትዕግስት፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ የመዘምራን ጓደኛዬ፣ ከሱቅ የተገዛ አንድ ትንሽ ቅባት በእጄ አስጨበጠችኝ።

"ይሄን ቀቢ፤ በሳምንት ውስጥ የተላጠ እንቁላል ነው የምትመስዪው" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ። እናቴ ሳትቀር "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ ተለማመድኩ። ከዚያ ግን ቅባቱ አለቀ። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ፊቴ ቲማቲም መሰለ፤ ነደደኝ፣ አሳከከኝ፣ ብጉሩም ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ ወጣ።

የጉዞው ጠዋት አውቶቡሱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ በነጠላ ተሸፋፍኜ ነበር። ጋሽ ታደሰ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ እኛ ድምፅሽን ነው የምንፈልገው፣ ፊትሽን አይደለም።"

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ፊቴ የማይፈለግ መሆኑን ብቻ ነበር። "አልሄድም" አልኩት። ትንሽ ጠብቆ ሄደ። መዝሙሬን ትዕግስት ዘመረችው፤ ጥሩ አድርጋ እንደዘመረችም ሰማሁ።

በማግስቱ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ይዘን የሄድነውን ባዶ የቅባት ቱቦ አየችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችኝ።

"ይሄን ቅባት ማነው ያዘዘልሽ?"

"ማንም።"

ተቆጣች፤ ግን እኔን አልነበረም። ቅባቱ ጠንካራ መድኃኒት እንደሆነ፣ ለብጉር እንደማይሆንና ሲያቆሙት እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረችን። ብጉር የሚመጣው የቆዳ ቀዳዳ በወዝ ሲደፈን ነው፣ ከቆሻሻም ከኃጢአትም አይደለም አለች። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና ቀስ ብዬ እንድታጠብ፣ እንዳላፈርጠው፣ የምትሰጠኝንም መድኃኒት ሳልሰለች እንድቀባ አዘዘችኝ። "ወራት ይፈጃል" አለችኝ። ወራቱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። በዓመቱ ገደማ ፊቴ ቀለለ፤ ያፈረጥኩበት ቦታ ሁሉ ግን ምልክቱ ቀረ። ዛሬም ጉንጬን ስዳብስ ይሰማኛል።

አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አገባሁ፣ ሁለት ልጅ ወለድኩ፤ እትዬ አልማዝ እንዳለችው አልጠፋም። በየወሩ አገጬ ላይ ብቅ ይላል፣ ቢሮ ውስጥም "እንዴ፣ አንቺ ገና ኮረዳ ነሽ?" የሚለኝ አይጠፋም። እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይነዳል። ዘንድሮ ደግሞ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ መክሊት ጀመራት። በኔ ጊዜ የሰፈሩ ምክር ነበር፤ እሷ ስልኳን ከፍታ የዓለሙን ሁሉ ምክር ትሰማለች፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ግዢልኝ ትላለች። በመጨረሻ እጇን ይዤ ሐዋሳ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ እሷን አይቶ ሲጨርስ ወደኔ ዞረና "አንቺስ?" አለኝ። ለሁለታችንም አዘዘልን።

ከዚያ ወዲህ ሲመሽ ጓሯችን ያለው ቧንቧ ጋ ጎን ለጎን ቆመን ፊታችንን እንታጠባለን። ትናንት መክሊት አረፋውን ሳታለቀልቅ ቀና አለችና "እማ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ።

በኔ ጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላዘጋጀ ትልቅ ሰው አልነበረም።

"አላውቅም የኔ ልጅ" አልኳት። "እኔም እየጠበቅኩ ነው።"

ፎጣውን አቀበለችኝ።