እትዬ ትርሲት በረንዳ ላይ ያወለቅናቸው ጫማዎች

ልጅ እያለሁ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። ሰበታ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ያውቀዋል፤ የላስቲክ ጫማችን ሲቀደድ ቢላ እሳት ላይ ይግላል፣ ከአሮጌ ጄሪካን ቁራጭ ይወጣል፣ ከዚያ ጭሱ ዓይን እያስለቀሰ ቀዳዳው ይለጠፋል። በቤታችን የዚህ ሥራ ባለሙያ ታላቅ ወንድሜ ቶላ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በሆነኝ ዓመት የሰማያዊ ጫማዬን ጎን በቢጫ ለጥፎልኝ፣ የሰፈር ልጆች ሲስቁብኝ እያለቀስኩ ብመጣ፣ «ዝም በይ፤ እንዲህ ያለ ጫማ ሚኒስትር እንኳን የለውም» ብሎ አሳቀኝ።

ያ ዓመት ግን በየመንገዱ ጎማ የሚነድበትም ዓመት ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ምን እንደሆነ እኛ ልጆቹ ባይገባንም ከአፋችን አይጠፋም ነበር። እኔ የሚገባኝ የአያታችን ማሳ ብቻ ነው። ፋብሪካ ሊሠራበት ነው ተብሎ በቆርቆሮ ታጠረ፤ አያታችንም ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቶላ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነው። ሰልፍ ላይ በዱላ ተደብድቦ፣ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኖ ከመጣ በኋላ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፋ። እናታችን በጨውና በሙቅ ውኃ ስታሽለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከትምህርት ቤታችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ በንጉሡ ጊዜ አንድ ባላባት ያሠሩት ትልቅ የድንጋይ ቤት ነበር። በረንዳውና ፎቁ እንጨት ነው። የባላባቱ ምራት እትዬ ትርሲት በወጣትነታቸው የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበሩ፤ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከህንድ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡትን ዕቃ ደርድረው ቤቱን ትንሽ ሙዚየም አድርገውት ነበር። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች፣ ከበላያቸው በቻይና ፊደል የተጻፈ ቀይ ሰሌዳ አለ። እኔ ባለፍኩ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ ሳላይ አልፌ አላውቅም። ወጣቱ የሥዕል አስተማሪያችን ቲቸር ዳንኤል «ዓርብ እንሄዳለን» ሲለን የምሆነውን አጣሁ።

ዓርብ ጠዋት ቶላ ገና ሳልለብስ መጥቶ «ዛሬ ትምህርት ቤት እንዳትሄጂ» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዳትሄጂ አልኩሽ፣ ሌንሴ!»

እሺ አልኩት። እሱ በፊት ለፊት ሲወጣ እኔ ቦርሳዬን ይዤ በጓሮ ሹልክ አልኩ።

እትዬ ትርሲት በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁን። «ጫማ እዚህ ይወለቃል፤ ጃፓኖች እንዲህ ነው ቤት የሚገቡት» አሉን። ሃያ ስምንት ተማሪ ባንዴ ጫማ ሲያወልቅ የሚወጣውን ሽታ መግለጽ አያስፈልገኝም። እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጎንበስ ብለው፣ እያንዳንዱን ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ እያዞሩ ደረደሩት። ውስጡ ሰም ሰም ይሸታል፤ ወለሉ ያንሸራትታል። ሰማያዊ አበባ የተሣለባቸው ማሰሮዎች፣ እግረ ረጃጅም ወፎች የተሣሉበት የሐር መጋረጃ ነበር። ቦርጩን ገልጦ የሚስቅ የእንጨት መነኩሴ ስናይ ቁርጥ ምክትል ዳይሬክተራችን ነው ብለን በሳቅ ሞትን። አራት እጅ ያለው የነሐስ ሐውልት ፊት ስንደርስ ግን ግማሻችን አማተበ፣ ጴንጤዎቹ «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ወደኋላ አፈገፈጉ። እትዬ ትርሲት «አይዟችሁ፣ እሱ እንኳን ማንንም አይነካም» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ጣሪያው ላይ ድንጋይ አረፈ። ቀጥሎ መስኮቱ ተሰባበረ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ የሐሩ መጋረጃ ላይ ተረጨ፤ ማሰሮዎቹ እንደ ጥይት እየጮሁ ይፈነዱ ጀመር። ጠዋት መንገዱ ዳር አንድ ፋብሪካ ተቃጥሎ ነበር። ከዚያ የመጣው ሰው አንበሶቹንና የቻይናውን ጽሑፍ ሲያይ ቤቱን የኢንቨስተር ማረፊያ አድርጎታል። «አቃጥሉት!» የሚለው ጩኸት በአራቱም በኩል ነው፤ በጓሮም መውጫ የለም።

ቲቸር ዳንኤል በተሰበረው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ልጆች አሉ! ኢጆሌቱ ኬሳ ጅራ!» ብሎ በሁለቱም ቋንቋ ጮኸ። ድንጋይ አፉን መታውና ወደቀ። ተነሥቶ፣ ደም እየተፋ፣ እንደገና ጮኸ። እኔ በእሱ ክንድ ሥር ወደ ውጭ አየሁ። ከሁሉም ፊት፣ ጄሪካን ይዞ የበረንዳውን እንጨት ጋዝ የሚያጠጣው ቶላ ነበር። ፊቱ የወንድሜ ፊት አልነበረም። ስሙን ልጠራ አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣልኝም። በእሱ እጅ ተቃጥዬ ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ እናቴ እንዴት ትሆናለች ብዬም አሰብኩ።

ጋዙን እያፈሰሰ ወደፊት ሲራመድ ከጫማዎቹ መሀል ገባ። ጎንበስ አለ። ቢጫ የተለጠፈበትን አንሥቶ ትንሽ አየው፣ ጄሪካኑ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ዞሮ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ «ዲሳ! ተዉ! እህቴ ውስጥ ናት!» እያለ መጮህ ጀመረ። ክብሪት የያዘው ጓደኛው ገፈተረው፤ ሌላው «ከሃዲ!» ብሎ በዱላ አገጩን ሲለው የአጥንቱን ድምፅ እኔም ሰማሁት። በድንጋይ ደረቱን መቱት፤ በጉልበቱ ወደቀ እንጂ ከበሩ አልተነሣም። ቀስ በቀስ ግን ከኋላ ያሉት የተደረደረውን ጫማ አዩና ዝም ዝም አሉ፤ መንገድ ከፈቱልን።

በባዶ እግራችን፣ በመስታወት ስብርባሪ ላይ ሮጠን ወጣን። ጥቂት እንደሄድን ወታደሮች ደረሱና ከኋላችን ተኩስ ተከፈተ። ክብሪት የያዘው ልጅ አስፋልቱ ዳር በደረቱ ተደፍቶ አየሁት፤ ስሙን አውቀዋለሁ፣ ቤታችን እየመጣ ይበላ ነበር። ቤቱን ማን እንዳቀጣጠለው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ዘወር ስል ግን ፎቁ ይነዳል። እትዬ ትርሲት ሻሻቸው ወድቆ፣ አንዱን አንበሳ ተደግፈው ቁጭ ብለው ያዩት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ስንቴ አውርቼዋለሁ! ወንድሜ ሃያ ስምንት ልጆች አዳነ እያልኩ፣ በየሄድኩበት በእሱ ስኮራ ኖርኩ። አገጩ እንደተጣመመ ቀረ፤ በአንድ በኩል ነው የሚያኝከው። ባለፈው ክረምት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስከራይ ዕቃዬን አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ያወጣልኝ እሱ ነው። ምሳ ስንበላ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

«ቲቸር ዳንኤል ሲጮህ ሰምተኸው ነበር?»

ማኘኩን አቆመ። «ሰምቼዋለሁ። ሁለቴ ነው የጮኸው። የመጀመሪያውን ውሸት ነው አልኩ።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ሁለተኛውን አመንኩት» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «ግን እጄ አላቆመም፣ ሌንሴ። ጫማሽን እስካይ ድረስ አላቆመም።»

አልተጣላሁትም። አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ፣ ከዚያ የቀረውን ዕቃ አወጣልኝ። ዛሬም እንደ ወንድሜ የምወደው ሰው የለም። ያን ቀን እጄን ይዛ የሮጠችው የክፍሌ ልጅ ማርታ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። ታክሲ ተራ ስንገናኝ ልጆቿን ወደ እኔ እየገፋች «ወንድምሽ ባይኖር እነዚህም አይኖሩም ነበር፤ ዕድሜ ይስጥልኝ» ትለኛለች። ድሮ አንገቴን ቀና አድርጌ «አሜን» እላት ነበር። አሁንም «አሜን» እላለሁ፤ ዓይኗን ግን አላይም።