አራት ካርቶን ብረት ለበስ

ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ፣ አሳንሰሩ ከሞተ ዘመን በቆጠረ ፎቅ አራተኛ ወለል ላይ፣ አራት ወንዶች በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። አምስተኛም ነበረን፦ ከጭንቅላቱ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት የለበሰ፣ በሰማይ የሚበር፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የማይጠየቅ ጀግና። የሚኖረው በሥዕል በሚተረኩ የልጆች መጽሔቶች ውስጥ ነው። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ጎልማሳ። መጽሔቶቼ ጎን ለጎን ቢነጠፉ ከጅዳ ምፅዋ ድልድይ ይሆናሉ። እሺ፣ አራት ካርቶን ነበሩ።

የምታገኝልኝ የአንዱ ክፍል ጓደኛዬ እህት ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። የማዳሟ ልጆች አንብበው የጣሉትን ታነሳና ጁምዓ ስትወጣ ለወንድሟ ትሰጠዋለች። "ለዚያ ለሽማግሌው ሕፃን አድርስልኝ" ትለዋለች።

ወንድሟ የወሎ ልጅ ነው፤ ሶላት አያሳልፍም። ሥዕል ያለበት ክፍል የራሕመት መላእክት አይገቡም ብሎ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ።

"ፊት ያለው ነገር አይሆንም፣ ጋሼ።"

"ይሄ ፊቱ የት አለ? ብረት እኮ ነው! ከድስት በምን ይለያል?"

ሳቀና ተረታ። ብረት ለበሱ በነጻ እንዲገባ፣ የሌሎቹ ፊት ግን በጥቁር እስክሪብቶ እንዲጠፋ ተስማማን። አጥፊው እሱው ሆነ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ክፉውንም ደጉንም እኩል ያጠቁራል። "ይቺስ ቆንጆ ነበረች፤ አላህ ይሁናት" ይላል።

ሐጅ ሲቃረብ መካ ሄደ፤ ዓዚዚያ ሰፈር፣ ሐጃጆች የሚያርፉባቸው ፎቆች ላይ ፍራሽ ሊሸከም። በስድስተኛው ቀን ተመለሰ። እግሩ አብጧል፤ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኗል።

"ፀሐይ ነው፤ ይለቀኛል።"

ሐኪም ቤት እንሂድ አልነው። ኢቃማ የለውም። "ከበሩ ይይዙኛል። እሷን ለማን ትቼ ነው የምባረረው?" አለ። እህቱን ነው።

በማግስቱ ባሰበት። ከቀሩት ሁለት ልጆች አንደኛው ወደ ካርቶኖቼ እያየ፣ "እነዚህ ሥዕሎች ናቸው። መላእክት ከበር እየተመለሱ በምን ይዳን?" አለ። ልቀልድበት አፌን ስከፍት በሽተኛው ዓይኑን ገለጠ።

"አውጣልኝ ጋሼ፤ በአላህ።"

ያለ ክርክር እሺ አልኩ። ቆሻሻ ላይ መጣል ግን አይቻልም፤ ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፣ የአላህ ስም ይኖርበታል። ስለዚህ ቁርኣን የቀራው ልጅ ገጽ በገጽ እያየ ስሙ ያለበትን በመቀስ ይቆርጥ ጀመር። እኔ እገልጣለሁ፤ ሌላው ቁራጩን በፌስታል ይሰበስባል። ሁለት ቀን ፈጀብን። ብረት ለበሱ ጠላት ባየ ቁጥር "ወላሂ" ይላል፤ ለካ እንዲህ ያለ መሐላ ወዳድ ኖሯል! ከጀርባችን በሽተኛው ያቃስታል። ውሃ እናቀምሰውና ወደ ገጻችን እንመለሳለን። ሽንቱ መቆሙን ነግሮን ነበር። ሦስታችንም ሰምተናል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካርቶኖቹን ተሸክመን አራቱን ወለል ወረድን፤ አል-ባላድ ሰፈር አሮጌ ወረቀት ለሚሰበስብ ሰውዬ ሰጠናቸው። ቅልል ብሎን ተመለስን። ክፍሉ ጸድቷል፤ ግድግዳው ሥር የነበረው ቦታ ባዶ ነው። እሱ ፊቱ አብጦ ተኝቷል። በስሙ ጠራሁት፤ አየኝ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አላወቀኝም።

ያን ጊዜ ተሸከምነው። በዚያው ደረጃ። ከካርቶኖቹ ቀለለኝ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ኢቃማ አምጡ ያለን የለም። ዘበኛው ራሱ ባለጎማ አልጋ እየገፋ መጣ። ሐኪሙ ጥቂት ቆይቶ ወጣና ከታመመ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ከትናንት ጀምሮ ነው" አልኩት።

ሐኪሙ ተመልሶ ገባ። ዓስር ሳይሰገድ ጓደኛችን ሞተ።

እህቱ ከማዳሟ ቤት ፈቃድ እስክታገኝ በስልክ ነበር ያገኘኋት። መሞቱን ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ቶሎ ወሰዳችሁት አይደል?"

"ወዲያው" አልኳት። "እንደታመመ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ትመርቀኝ ጀመር፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ጤና ይስጥህ፣ ወንድሜን እንዳልጣልከው አላህ አይጣልህ። ምርቃቷ ረዘመ። እስክትጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ።