እናቴ የምትወጣበት መስኮት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከደሴ መጥቶ ሳሎኔ መሐል ቆመና መስኮቶቼን በዓይኑ ለካቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የአሉሚኒየም መስኮት ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። ተንሸራታች ነው፣ ቀለም አይፈልግም፣ አቧራ አያስገባም እያለ ብዙ አስረዳኝ። ክፉ አላሰበም፤ መካነ ሰላም ውስጥ አዲስ የሚሠራው ቤት ሁሉ የሚያስገባው ይኸንኑ ነው። እኔ ግን ሳይጨርስ «አይሆንም» አልኩት። ደነገጠ። በዚህ ጉዳይ ከእሱ በፊትም የደነገጠብኝ ትልቅ ሰው እንደነበረ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ማስተማር በጀመርኩ በዓመቱ ነው። አባቴ ሞቶ፣ እናቴ ዘሀራ ደግሞ ግራ ጎኗ ደክሞ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግፌ መንገድ ዳር ካለው ሰፊ መስኮት ሥር አስቀምጣታለሁ። አያቴ ቤቱን ሲሠራ ያስገባው መስኮት ነው፤ ሁለት የእንጨት መዝጊያ፣ ከላዩ ትንንሽ መስታወት። ደፉ ዝቅ ያለ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ክንዱን ያሳርፍበታል። እናቴ እዚያ ሆና ሰፈሩን ታስተዳድር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከገበያ የሚመለስ ሰው የሸመተውን ሳያሳያት አያልፍም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደፉ ላይ ተደግፈው «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። እሷም «አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ ደግሞ ማንና ማን ተጣላ?» ትላቸዋለች።

መስኮቱ ግን በስብሶ ነበር። የክረምት ዝናብ ፊት ለፊት ስለሚመታው መቃኑ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል፤ አንደኛው መዝጊያም ወልቆ በገመድ ታስሯል። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በቤተሰቡ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው የሆነው ጋሼ ሰይድ፣ አንድ ቀን መጥተው የብረት መስኮት ማዘዛቸውን ነገሩን። ሌባ እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ ይተከላል፤ ጠባብ ስለሆነ የቀረው ክፍት በብሎኬት ይደፈናል። እናቴ ለባሏ ወንድም እንቢ ብላ አታውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ መስኮቱ የሚሠራበት ብረት ቤት ሄድኩ። ሠራተኞቹን መስኮቱን በሚተከልበት ቁመት እንዲያነሡልኝ ለመንኩና ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ ሆኜ የታየኝ ፍርግርግና ሰማይ ብቻ ነው። አንድም ሰው አይታይም።

ሊተክሉ በመጡበት ጠዋት እናቴን እንደ ወትሮዋ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳትና ከፊቷ ቆምኩ። ጋሼ ሰይድ ዞር እንድል አዘዙኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መስጊድም ገበያም ይወጣሉ» አልኳቸው። «እሷ የምትወጣው በዚህ ብቻ ነው። አላስደፍንም።»

«ቤቱ የወንድሜ ነው።»

«የሚስቱም ነው።»

መንገደኛው ቆሞ ያየናል። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አጎቷን በሰው ፊት እንዲህ አትመልስም። እኔ ግን ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም። ይኸኔ እናቴ በደህናው እጇ የበሰበሰውን ደፍ ያዘችና ቀስ ብላ «ልጄ እንዳለችው ይሁንልኝ» አለች። ጋሼ ሰይድ ከእንግዲህ ብትሰረቁም አልሰማም ብለው ሠራተኞቻቸውን ይዘው ሄዱ።

አሮጌውን መተካት ግን ግድ ነበር። በሚኒባስ አቀስታ ሄድኩ። ጉሙ የገብሱን ማሳ ሸፍኖት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ገበያው ዳር ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልቼ ነው እጄ የተፍታታው። ሰዎች የጠቆሙኝን አናጢ አግኝቼ እንጨት መረጥን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይገኛል፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ስለዚህ ጥድ አልኩ። ጥዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብን። የበሰበሰውን ነቅለን ክረምቱን ሙሉ ክፍቱን በሸራ ሸፍነን አሳለፍነው። ነፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው ሰው ሁሉ እኔን እምቢተኛዋን ያማ ነበር። እናቴ ጋቢ ደራርባ «ሸራ ይሻላል፤ ሸራ ይነሳል» ትለኝ ነበር። ጋሼ ሰይድ ያን ክረምት ደጃችንን አልረገጡም።

ጥቅምት ላይ መስኮቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። በተተከለ ሰሞን ጋሼ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ በወዲያኛው ዳር አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉ ነበር። እናቴ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «አሰላሙ አለይኩም» አለቻቸው። ሰላምታ አይታለፍም። ተሻግረው መጡ፤ ደፉ ላይ ክንዳቸውን አሳርፈው ብዙ አወሩ። ስለ መስኮቱ ያኔም ሆነ በኋላ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በየሳምንቱ ግን መቆም ጀመሩ።

እናቴ የኖረችው ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ነው። ታሪኩን ያወራኋቸው ሰዎች፣ ያ ሁሉ ጸብና ብርድ ለአንድ ዓመት ነው ወይ ይሉኛል። አዎ፣ ለአንድ ዓመት። እናቴ የሞተችው በሰው መሐል ነው፤ ብሎኬት እያየች አይደለም። አንድ ወር ብቻ ነው የቀራት ቢሉኝም ያኔ እዚያው እቆም ነበር።