እህቴን የመሸከም ሽሚያ

ታላቅ እህቴ ዊልቸር ላይ ከተቀመጠች ወዲህ በቡታጅራ በእሷ በረከት ያላገኘ ሰው የለም። ወደ ቤተክርስቲያናችን ለመግባት ደረጃ አለ፤ ደረጃውን ለማለፍ ተሸካሚ ያስፈልጋታል፤ ተሸካሚ ደግሞ ሞልቷል። ባጃጁ ገና ሳይቆም ወንድሞች ይሻማሉ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ብድግ ያደርጓታል፤ ቀሚሷ ወዴት እንደ ሄደ ግን የሚጠይቅ የለም። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ቀሚሷን ወደ ታች ትጎትታለች። እኔ ደግሞ እንዲህ የሚዋደድ ጉባኤ ስላለን ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ አለ ተባለ። ሊያወያዩን ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ "ሕጉ እንዳይላላ" ብለው በአንድ ድምፅ እንዲጠይቁ ኮሚቴ አቋቋምን። "ተናጋሪዋ እኔ ነኝ" አለች እህቴ። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት ናት፤ ማን ደፍሮ እምቢ ይላታል?

ለዝግጅቱ ስብሰባ የእኛ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ተመረጠ። የሰፈሩ መስጊድ ሼህ፣ ከመስቃን ገጠር የመጡ በርበሬ ነጋዴ ሐጂና መጋቢያችን በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ባጃጁ ሲደርስ ሐጂው ጋቢያቸውን ለእኔ ወርውረው ተንደረደሩ።

"እኔ ነኝ የማነሳት!"

"ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት" አሉ መጋቢያችን፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

"እንግዳ አጅር አያምረውም ያለው ማነው? እናንተ ምንዳውን በየሳምንቱ ታገኛላችሁ!"

እህቴ የዊልቸሩን ፍሬን ያዘች። "አንድም ሰው እንዳይነካኝ!"

ሁላችንም ደንግጠን ቆምን።

"አባቶቼ፣ የተሰበሰብነው መንግሥትን ደረጃውን አስተካክል ልንል ነው። እኔ በራሴ ከገባሁ ግን በረከቱና አጅሩ ሊቀርባችሁ ነው። እንዲህ ከሆነ ደረጃውን ማን ይነካዋል?"

መጀመሪያ የሳቁት ሼሁ ናቸው። "ወላሂ እውነቷን ነው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። የእኛስ መስጊድ በር መች ከዚህ ይሻላል?" አሉ። ያን ቀን ስብሰባው ግቢው ውስጥ፣ አቮካዶው ጥላ ሥር ሆነ፤ እህቴም መሀል ላይ።

ከዚያ በኋላ በቤተክርስቲያናችንም በመስጊዱም በር የዊልቸር መወጣጫ መሥራት ተጀመረ፤ ሥራው ላይም ሽሚያ አልቀረም። ሐጂው አሸዋ በጋሪ ላኩ። የመስጊዱ ሰዎች የእኛን በር ካልሠራን አሉ፣ እኛ ደግሞ የእነሱን። በእኛ በር የተሠራው የመጀመሪያው መወጣጫ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ ቀረ። እህቴ ከታች አይታ "ይሄ የበርበሬ ጆንያ ማንሸራተቻ ነው፤ እኔን ወደ ባጃጁ ሊመልሰኝ ነው" አለች። እየሳቅን አፈረስነው። ሁለተኛውን ረዘም፣ ዳገቱን ቀለል አድርገን አርማታ ሞላነው፤ የእጅ መያዣውን እኔ ብረታ ብረት ቤቴ ውስጥ በየድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ብረት የጠራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

የውይይቱ ቀን ሲደርስ እንግዶቹን የተቀበልነው በእኛ አዳራሽ ነው፤ እህቴ በራሷ የምትገባበት አዳራሽ ሌላ ስላጣን። ሰው ሁሉ በሩ አጠገብ ተሰበሰበ። እህቴ ጎማውን በእጇ እየገፋች መውጣት ጀመረች። መሀል ላይ ደክሟት ቆመች። ማንም አልተነቃነቀም፤ ሐጂው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንዱን በአንዱ ጠፍረው ይዘዋል። ትንሽ ተነፈሰችና እንደገና ገፋች። ጫፉ ላይ ስትደርስ እልልታው ቀለጠ። እኔን ደስታው አስለቀሰኝ፤ አላፈርኩበትም።

ረቂቁ ምን እንደሚሆን ዛሬም አናውቅም፤ መጠየቃችንን ግን አልተውንም። ያን ዕለት እህቴ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ለመርዳት ቸኩለው የተጠጉትን ሐጂ አየቻቸው።

"ሐጂ፣ አጅር ካማረዎት ቦርሳዬን ይያዙልኝ።"

ሐጂው ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ንግግሯን እስክትጨርስም ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እየሳቁ ተቀመጡ።