ከጥላ ሥር የሚሰጥ አስተያየት

ጋሽ ፊሽካ ርዝመት ዝላይ ማሠልጠን ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ሃያ ሁለቱንም ዓመት ያሠለጠነው ቁጭ ብሎ ነው። ከአሸዋው ጀርባ የተመልካቾች መቀመጫ ግንብ አለ፤ የግንቡ ጥላ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን አሸዋው ጫፍ ላይ ይወድቃል። እሱም ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሩን እዚያች ጥላ ውስጥ ያደርግና ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሰየማል። ዘላዮቹ ረግጠዋት የሚነሡባት ነጭ ጣውላ ግን ወዲያ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ናት። ቀለሟ ለቋል፤ ጠርዟም ተፋፍቋል። ጋሽ ፊሽካ አንድ ቀን እንኳ ከአጠገቧ ቆሞ የሰው እግር የት እንደሚያርፍ አይቶ አያውቅም። “ፀሐይ ራሴን ያመኛል” ይላል። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሲውል ግን ራሱን አሞት አያውቅም።

ታዲያ ያላየውን ነገር ምን ብሎ ያርማል? ይሳደባል እንጂ! አፉ ለከት የለውም። “እንደ ቁም ሣጥን ነው የወደቅሽው!” ይላል። “አንተ ነህ የዘለልከው ወይስ ነፋስ ገፍቶህ ነው?” ይላል። ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት “ጨምሩ!” ብሎ ይጮኻል። ምን እንደሚጨመር ግን ዘላዮቹ አያውቁም፤ እሱም ቢጠየቅ አያውቅም። ከዚያ የሜትሩን ጫፍ አንዱን ልጅ ጣውላው ላይ አስይዞ ርቀቱን ይለካና ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። የክለቡ ቢሮ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ካማረ ሌላው ነገር የማንም ራስ ምታት አይደለም።

ከዘላዮቹ ሁሉ የምትሻለው ጓደኞቿ “ረጅሟ” የሚሏት ልጅ ናት። ወደ ክለቡ የመጣችው በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አሁን ሃያ ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። ክለቡ ወጣቶችን የሚያቆየው እስከ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በምርጫው ቀን አምስት ሜትር ከሰማንያ የዘለለች ዋናው ቡድን ውስጥ ትገባለች፤ ያልዘለለች አልጋዋንም ቱታዋንም አስረክባ ትወጣለች። ረጅሟ ከወጣች የምትገባው ወንድሟ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ የወንድሟ ሚስት ገና ከአሁኑ “ለማን ነው የሚነጠፈው?” እያለች ነው። ግን ማን ይፈራል? የጋሽ ፊሽካ ደብተር አምስት ከዘጠና፣ አምስት ከዘጠና አምስት ይላል። ላም አለኝ በሰማይ!

ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው የአንዲት ዘላይ አባት ስድቡን ሰምቶ ለቢሮ አቤት አለ። ቢሮውም ጋሽ ፊሽካን የሦስት ቀን ሥልጠና ላከው፤ ርእሱ “ገንቢ አስተያየት አሰጣጥ” ነበር። ከሦስቱ ቀናት ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ መጀመሪያ አመስግን፣ መሐል ላይ ጉድለቱን ንገር፣ መጨረሻ ላይ አመስግን። መምህሩ ምስኪን “ከመናገራችሁ በፊት በደንብ እዩ” ብሎም ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያለው ከምሳ በኋላ ስለነበር ጋሽ ፊሽካ እንቅልፉን እየለጠጠ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እዚህ ቤት ሁለቱ ተገናኙ።

ዘዴውን መጀመሪያ የሞከረው ሚስቱ ላይ ነው። ሚስቱ እቤቷ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት።

“ስፌትሽ ግሩም ነው” አላት ማንኪያውን እያስቀመጠ። “ሾርባው ጨው በዝቶበታል። ፈገግታሽ ደግሞ ደስ ይላል።”

“ሰውዬ፣ ጨው በዝቷል ለማለት ፈገግታዬን ምን አስነካህ?”

“ገንቢ አስተያየት ነው።”

“እኔ ደንበኛዬን ‘ቀሚሱ እዚህ ጋ፣ ብብትሽ ሥር፣ ሁለት ጣት ይጠባል’ እላትና እስፒል እሰካለሁ። አይቼ ነዋ! አንተ ምኑን አይተህ ነው የምታወራው?” አለችውና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሱ ሁለተኛ ሳህን ሾርባ ጠየቀ።

ሜዳው ላይ ስድቡ ቆመና የማር ዝናብ ጀመረ። “ግሩም ነው የኔ ልጅ! ትንሽ ጨምሪ። ግሩም ነው!” “ጎበዝ! እጅህን አስተካክል። ጎበዝ!” እጁ ምን እንደሆነ የጠየቀ ልጅ “እሱን አንተው ታውቀዋለህ” ተባለ። ረጅሟ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ገባት፤ “ግሩም” የምትለዋን ቃል ስትሰማ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ለመደች። አንድ ጠዋት ብቻ ወንበሩ ድረስ መጥታ ለመነችው።

“ጋሼ፣ ስነሣ የሆነ ነገር ትክክል አይመስለኝም። አንዴ ጣውላው ጋ መጥተው ቢያዩኝ?”

“ግሩም ጥያቄ ነው!” አላት። “ከዚህም በደንብ ይታየኛል። ግሩም ነሽ።”

ዐይኑን በጨው አጥቦ!

የምርጫው ቀን ደረሰ። ውድድሩ ዘንድሮ ሌላ ሜዳ ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ የአሠልጣኞች መቀመጫ ከጣውላው ትይዩ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ጋሽ ፊሽካ አጉረመረመ፤ ግንባሩን በጋዜጣ ከለለ፤ ምርጫ ስላልነበረው ተቀመጠ። ረጅሟ ተንደረደረች፤ ረገጠች፤ ወፍ ሆነች። ወዲያው ቀይ ባንዲራ ወጣ፤ ዝላዩ አልተቆጠረላትም።

እሱም በሃያ ሁለት የሥራ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። የጫማዋ ጫፍ ከጣውላው ሦስት ጣት አልፎ ነበር። ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ዐይን ያለው የዳኛው ሾፌርም ያየዋል። የእሷ እግር እንደ ሰዓት ነው፤ በየቀኑ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው። ደብተሩ ላይ ያሉት አምስት ከዘጠናዎች ሁሉ እንዲህ ጣውላውን እያለፉ የተዘለሉ፣ ቀይ ባንዲራ የሚገባቸው ነበሩ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። “እግርሽ ሦስት ጣት ያልፋል፤ የመንደርደሪያ መነሻሽን አራት ጣት ወደ ኋላ ሳቢ” ማለት ብቻ። ወደ እሷ ሮጠ። አፉ ግን የለመደውን አወጣ።

“ግሩም ዝላይ ነው የኔ ልጅ! በጣም ደስ ይላል! አሁን...”

ረጅሟ “እሺ ጋሼ” ብላ ፊቷን አዞረች። “አሁን” ካለ በኋላ ምን እንዳለ አልሰማችም። ለምን ትስማ? ሁለት ወር ሙሉ ከዚያች “ግሩም” በኋላ አንድም የሚረባ ነገር መጥቶ አያውቅም። ሁለተኛውንም ዘለለች። ሁለተኛው ቀይ ባንዲራ ወጣ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ተራዋ ሊጠራ ሲል ክንዷን ያዛት። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

“ስሚኝ። እግርሽ ሦስት ጣት ያልፋል። መነሻሽን አራት ጣት ወደ ኋላ።”

ረጅሟ ቀጥ ብላ አየችው። “ከመቼ ጀምሮ ነው?”

እሱ ጣቱን ወደ ጣውላው ቀሰረ።

“ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያልፈው?”

ቁጥሯ ተጠራ። መነሻ ምልክቷን አራት ጣት ወደ ኋላ ሳበችና ተንደረደረች። ስድስት ዓመት ቀና ብላ የሮጠች ልጅ ዛሬ ጣውላው ጋ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ እግሯን አየች፤ እርምጃዋ ተሰበረ። ነጭ ባንዲራ ወጣ። ዳኛው ለካ፦ አምስት ሜትር ከሰባ አንድ። ዘጠኝ ሳንቲሜትር ጎደላት። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ከወር በፊት ብትሰማው ኖሮ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ለእሷ ምኗም አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህን ነው።

ጋሽ ፊሽካ በማግስቱ ወንበሩን ተሸክሞ ጣውላው አጠገብ ተከለው። ማሩንም ተወው፤ “ተረከዝህ ቀድሞ ያርፋል” እያለ እያየ ነገራቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይኸ ሰውዬ ምን ነካው? በሁለተኛውም ቀን እዚያው ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ ጠነከረበትና ረፋድ ላይ ተነሣ። በአራተኛው ቀን ሰማያዊው ወንበር ግንቡ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ረጅሟ የክለቡን ቱታ ልትመልስ መጣች። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ይዛዋለች። ጋሽ ፊሽካ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ።

“ግሩም ልጅ ነሽ እኮ” አላት።

እሷ ወንበሩን አንሥታ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች፤ ጣውላው አጠገብ፣ ጠራራው ላይ አስቀመጠችው፤ ቱታውንም ወንበሩ ላይ አኖረች። ከዚያ ወደ ኋላዋ ሳትዞር በበሩ ወጣች። ዘላዮቹ መንደርደራቸውን ትተው ቆመው አዩ።

ጋሽ ፊሽካ ጋዜጣውን ራሱ ላይ አድርጎ ፀሐዩ ውስጥ ገባ። ቱታውን አነሣ፤ በብብቱ ያዘው። ከዚያ ወንበሩንም አነሣና ወደ ጥላው ተመለሰ።

“ግሩም ነው ልጆች!” አለ እየተቀመጠ። “ቀጥሉ!”